አሮጌ ቀላል አውሮፕላን፦ ጥገናውና ማሻሻያው

ቀላል አውሮፕላን የሚባለው በአብዛኛው በአንድ የፒስቶን ሞተር የሚበርና ከሁለት እስከ ስድስት ሰው የሚይዝ ነው። ከዚህ ወገን በብዛት የተመረተው ሴስና 172 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ተሞክሮ በ1956 ለገበያ ቀርቧል፤ እስካሁን ከ44,000 በላይ ተሠርቷል። ፋብሪካው ከ1986 እስከ 1996 ምርቱን አቋርጦ ስለነበር፣ በግለሰቦች እጅ የሚገኙት ብዙዎቹ 40 ዓመት ያለፋቸው ናቸው። የአውሮፕላን እርጅና ግን በዓመት ብቻ አይለካም። ዓመታት ብረቱን ያዝጋሉ፣ የበረራ ሰዓት ሞተሩን ይበላል፣ የማረፍ ብዛት ደግሞ እግሩንና ፍሬኑን ያደክማል። ስለዚህ ሦስቱም ለየብቻ ይመዘገባሉ።

አሮጌ አውሮፕላንን ለማሻሻል የሚገፋፋው ምክንያት እንደ አገሩ ይለያያል። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ዋናው ምክንያት ከፍታ ነው። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ፣ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛሉ። በቡሬ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። አየር በራሱ የሚስብ ሞተር በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል፤ የቀድሞዎቹ ሴስና 172ዎች ይዘውት የወጡት 145 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚያ የሚሰጠው 114 ያህል ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፤ አውሮፕላኑም 3,000 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ሆኖ ይሠራል። ክንፉም ቢሆን በሳሳ አየር ያንኑ ክብደት ለማንሳት ፈጥኖ መሄድ አለበት። በዚህ ምክንያት የመነሻና የማረፊያ ፍጥነቱ በመሬት ላይ ሲለካ አሥር በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ሜዳው ግን ከዚያ በበለጠ መርዘም ይኖርበታል።

ለዚህ ችግር የመጀመሪያው መፍትሔ ሞተሩን በሌላ መተካት ነው። በ172 ላይ በብዛት የሚገጠመው 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በቡሬ ከፍታ 142 ያህል ይሰጣል፤ ይህም የቀድሞው ሞተር በባሕር ዳርቻ ይሰጥ ከነበረው ጋር የሚቀራረብ ነው። ለውጡ አውሮፕላኑን ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት አቅም መለሰው እንጂ የተለየ አላደረገውም ማለት ነው። በአንጻሩ ነዳጅ ይበዛል፤ ታንኩ ካልተለወጠ የሚደርስበት ርቀት ያጥራል። ሁለተኛውና ረከስ ያለው መንገድ ፕሮፔለሩን መለወጥ ነው። የምላጩ ዝንባሌ ሲቀንስ ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፣ አውሮፕላኑም በደንብ ይወጣል፤ በደልዳላ በረራ ግን ፍጥነት ያጣል። ሦስተኛው በክንፉ ላይ የሚሠራው ነው። በክንፉ ጀርባ የሚለጠፉ ትንንሽ ክንፈፎች ወይም የፊት ጠርዙን የሚያጎብጥ ሽፋን አየሩ ከክንፉ ቶሎ እንዳይላቀቅ ያደርጋሉ፤ በዚህም በዝቅተኛ ፍጥነት ማረፍ ይቻላል። ለሞተሩ ግን ጉልበት አይጨምሩለትም። አየር እየጨመቀ የሚያስገባ ተርቦም አለ፤ ጉልበቱን ቢመልስም ሙቀት ስለሚጨምር የሲሊንደሮቹን እድሜ ሊያሳጥር ይችላል።

ከአቅም ሌላ ለሥራም ተብሎ አውሮፕላን ይሻሻላል። በ1970ዎቹ ረሃብ ጊዜ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በኢትዮጵያ ኤምኤፍአይ-15 በተባሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች እህል ከአየር ይጥል ነበር። እንዲህ ያለ ሸክም ከክንፍ ሥር ሲንጠለጠል ክንፉ የሚሸከመው ኃይልና የአውሮፕላኑ ሚዛን አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ከማንኛውም ማሻሻያ በኋላ አውሮፕላኑ ክብደቱና የክብደት ማዕከሉ እንደገና ይሰላል። ማሻሻያው ራሱ በአውሮፕላን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የጸደቀ ንድፍ ሊኖረው ይገባል፤ ያለዚያ የአየር ብቁነት ምስክር ወረቀቱ ዋጋ ያጣል።

ነዳጅ ሌላው ጥያቄ ነው። የፒስቶን አውሮፕላኖች የሚጠቀሙት ሰማያዊ ቀለም ያለውን የአቪዬሽን ቤንዚን ነው። ዝቅተኛ ኮምፕረሽን ያላቸው የቀድሞ ሞተሮች በተለየ ፈቃድ በመኪና ቤንዚን ሊሠሩ ይችላሉ፤ ፈቃዱ ግን ኤታኖል የተደባለቀበትን አይጨምርም፣ ኤታኖል ጎማና ማሸጊያዎችን ስለሚጎዳ። በኢትዮጵያ ደግሞ ቤንዚንን ከኤታኖል ጋር መደባለቅ በ2008 ተጀምሮ ነበር። በጄት ነዳጅ የሚሠሩ የናፍጣ ሞተሮችም በ172 ላይ እንዲገጠሙ ጸድቀዋል፤ ቅያሪው ግን ውድ ነው።

ጥገናው በሰዓትና በወር ይቆጠራል። ፊልትሮ ያለው ሞተር በ50 ሰዓት ዘይቱ ይቀየራል፤ ፊልትሮው ተቀዶ የብረት ብናኝ ይፈለግበታል። በየዓመቱ ሙሉ ምርመራ ይደረጋል፤ ለኪራይ ወይም ለሥልጠና የሚበር ከሆነ በየ100 ሰዓቱም ይጨመራል። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር ስምንት ካንዴላ አለው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት። በከፍታ ቦታ አብራሪው የነዳጅና የአየር ድብልቁን ካላሳሳው ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላዎቹ በጥቀርሻ ይዘጋሉ። የሞተሩ ሙሉ ኦቨርሆል ለብዙዎቹ በ2,000 ሰዓት ወይም በ12 ዓመት ይመከራል። ከሞተሩ ውጭ የመቀመጫው ሐዲድ ለብቻው ይታያል፤ በአሮጌ ሴስናዎች ሐዲዱ ሲያልቅ መቀመጫው በመነሳት ላይ ወደኋላ ሊንሸራተት ይችላል።

ክረምት ለቆመ አውሮፕላን አደገኛው ወቅት ነው። ዝናብ በአሮጌ የታንክ ክዳን ሰርጎ ከነዳጁ ሥር ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ከበረራ በፊት ከታንኩ ሥር ጥቂት ነዳጅ በጠርሙስ ይቀዳና ውኃ እንደሌለው ይታያል። እርጥበት በአሉሚኒየሙ ስፌቶች መካከል ነጭ ዱቄት መሰል ዝገት ያመጣል፣ ሳይነሳ የቆየ ሞተርም ከውስጥ ይዝጋል። መሬት ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማስነሳት አይፈውሰውም፤ ዘይቱ በበረራ ካልሞቀ በውስጡ ያለው ውኃ አይተንም። አይጥና ተርብም የአየር መለኪያ ቱቦውንና የክንፍ ክፍተቶችን ይወዳሉ፤ ቱቦው በሽፋን ይጠበቃል።

የሚበር አውሮፕላንና ለቅርስ የሚቆም አውሮፕላን በአጠባበቅ ይለያያሉ። በ1935 ሉድቪግ ቬበር በኢትዮጵያ የሠራትና በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው «ፀሐይ» ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ቫልተር ቬኑስ ሞተር ነበራት። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ወደ ኢጣልያ ተወስዳ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ቆየች፤ በጥር ወር 2024 ተመለሰች። ለእንዲህ ያለ ቅርስ የመጀመሪያው አካል እንዳለ መቆየቱ ዋጋ አለው፤ የሚበር ግን ያረጀው ሁሉ በጊዜው ሊቀየር ይገባል።

የተቀየረው ነገር ሁሉ በመዝገብ ይሰፍራል፦ ክፍሉ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደገጠመው፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ። መዝገቡ ሲጠፋ ሞተሩ ደህና ቢሆንም የቀረው ሰዓት መረጋገጥ ስለማይቻል አውሮፕላኑ ዋጋው ይወርዳል። የሚቀጥለው ኦቨርሆልና የክንፍ ምርመራ ዋጋ ከአውሮፕላኑ ዋጋ ሲበልጥ፣ ባለቤቱ ክፍሎቹን ለሌሎች መለዋወጫ መሸጥ ይሻለዋል።