ፈረስንና በቅሎን በካሚዮንና በተሳቢ ወደ ሩቅ አገር ስለ ማጓጓዝ

ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳ፥ በደሴና በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀድሞ ነጋዴ ፈረሱንና በቅሎውን እየነዳ ይህን መንገድ ሲጓዝ በየሰፈሩ እያሳረፈ፥ ወንዝ በተገኘበት እያጠጣ፥ ሣር በተገኘበት እያሰማራ ሳምንታት ይፈጅበት ነበር፤ ከብቱም ቆላውንና ደጋውን ቀስ በቀስ እየለመደ ያልፍ ነበር። ዛሬ ያው መንገድ በካሚዮን ቢበዛ በሁለት ቀን ያልቃል። የመንገዱ ማጠር ለባለ ገንዘቡ እንደሚጠቅም አያጠራጥርም፤ ነገር ግን በእግሩ ሲሄድ የማያገኘው ጉዳት በካሚዮን ቆሞ ሲሄድ ያገኘዋል። በመርሳና በወልድያ ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ የጋሪ ፈረስ ስለሚተዳደር፥ ፈረሱ የሞተበት ሰው የዕለት እንጀራውን ያጣል። ስለዚህ የየወረዳው ሹማምንት የነገሩን ምክንያት ለይተው ሊያውቁት ይገባል።

ፈረስን በሠረገላ ጭኖ መውሰድ አዲስ ነገር አይደለም። በ1836 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሎርድ ጆርጅ ቤንቲንክ የተባለው እንግሊዛዊ ኤሊስ የሚባለውን ፈረሱን በሌሎች ፈረሶች በሚሳብ የተዘጋ ሠረገላ ጭኖ ወደ ዶንካስተር እሽቅድምድም አደረሰው፤ ፈረሱም ሳይደክም ደርሶ አሸነፈ። ዝግጅት የጎደለው ማጓጓዝ የሚያመጣውን ጥፋት ለማየት ግን ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከብዙ አገር የተገዙ በቅሎዎች በመርከብ እየተጫኑ ዙላ ወረዱ። የሚቀበላቸው ጠባቂ፥ የሚታሰሩበት ልባብ፥ የሚጠጡትም ውሃ አስቀድሞ አልተዘጋጀምና ብዙዎቹ ውሃ ፍለጋ በባሕሩ ዳር ሲባዝኑ አለቁ። ከጥማቱም የተረፉትን በሽታ አገኛቸው። የጠፋው ከባሕሩ ጉዞ ይልቅ በማራገፊያው ስፍራ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ የራስ አስተሳሰር ነገር ነው። በየመንገዱ እንደሚታየው ፈረሱን እንዳይናከስና እንዳይዘል ብለው ራሱን ወደ ላይ ስበው ከካሚዮኑ ግድግዳ ጋራ አሳጥረው ያስሩታል። ይህ ከአሳቢነት የተነሣ ቢመስልም ገዳይ ልማድ ነው። ፈረስ በተፈጥሮው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሲግጥ ከመተንፈሻው ውስጥ አቧራውና አክታው ይወርድለታል፤ ራሱ ከፍ ብሎ ሲታሰር ግን ያ ሁሉ ወደ ሳንባው ያዘነብላል፥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያንም ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በዚያ ይበዛሉ። ከጉዞ በኋላ በአንድ፥ በሁለት ወይም በሦስት ቀን የሚነሣው ትኩሳትና ሳል ብዙውን ጊዜ «ብርድ መታው» ይባላል፤ ምክንያቱ ግን ብርድ ሳይሆን ገመዱ ነው። ስለዚህ ገመዱ ረዘም ብሎ፥ ነገር ግን እግሩ እስኪገባበት ድረስ ሳይረዝም፥ ሲጎተት በሚፈታ ቋጠሮ በልባብ ይታሰር። በልጓም ማሰር አፉን ይቆርጠዋል። እግሩንም መጠፈር አይገባም፤ የቆመ ከብት ካሚዮኑ በታጠፈ ቁጥር እግሩን እያፈራረቀ ሚዛኑን ይጠብቃልና፥ የተጠፈረው ይወድቃል፤ የወደቀውንም ሌሎቹ ይረግጡታል።

ወለሉ ብረት ወይም ለስላሳ ሳንቃ እንደሆነ አሸዋ ይነስነስበት፥ በላዩም ጭድ ይጐዝጐዝ። የወጣ ሚስማር በመዶሻ ይመታ። ከሚስማር ቁስል መንጋጋ ቆልፍ ይገባል፤ በጋሪ ፈረሶችም ላይ እየበዛ የሚታየው፥ በእግርና በደረት ላይ ተራ በተራ እየፈረጠ መግል የሚያወጣው እባጭ በቁስል በኩል ይተላለፋል። ድንጉላው ከባዝራዎቹ ይለይ፤ የማይተዋወቁም በመካከላቸው አግዳሚ እንጨት ይደረግላቸው። መወጣጫ ሳንቃ በሌለበት ስፍራ ካሚዮኑን ከአፈር ድልድል ጋራ አስጠግቶ ማስገባት ይቻላል። ጅራት እየጠመዘዙና እየደበደቡ ያስገቡት ፈረስ በሚቀጥለው ጊዜ ካሚዮን ሲያይ ይደነብራል፥ የሚጎዳውም ከብቱ ብቻ አይደለም።

ተሳቢን በተመለከተ፥ በአውሮፓ ለሁለት ፈረስ ተብሎ መከፋፈያና መወጣጫ ያለው ጋሪ ተሠርቶ በአውቶሞቢል ይጎተታል። እህልና ድንጋይ ለመጫን የተሠራ ተሳቢ ግን ከካሚዮኑ ይልቅ ይወዛወዛል፤ ነጂውም በኋላው ያለውን ከብት አያይም፥ ሲወድቅም አይሰማም። ከመርሳ እስከ ውጫሌ፥ ከደሴም ወደ ኮምቦልቻ ባለው ጠመዝማዛ መንገድ በእንዲህ ያለ ተሳቢ ፈረስ ባይጫን ይሻላል።

ስለ ውሃ፦ አንድ ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 45 ሊትር ይጠጣል። የአውሮፓ ኅብረት ቁጥር 1/2005 በተባለው ደንቡ ፈረስ በየ8 ሰዓቱ እንዲጠጣ፥ ከ24 ሰዓትም በላይ እንዳይጓዝ አዝዟል። ይህ ግን ለቀዝቃዛ አገር ነው። በከሚሴና በሸዋ ሮቢት ሙቀት በየ4 ሰዓቱ ማጠጣት ይገባል፥ ያውም በራስ ባልዲ፤ ብዙ ከብት የጠጣበት ገንዳ የንፍጥና የጉሮሮ እባጭ በሽታ ያስተላልፋል።

የዚህ መንገድ ልዩ ችግር ከፍታውና ዝቅታው ነው። ወልድያ 2000 ሜትር ያህል፥ መርሳ 1600 ያህል ከፍታ አላቸው፤ ደሴ 2500 ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ 1300 ገደማ ይሆንና፥ ወዲያው ጣርማበር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል። በቆላው ያላበው ፈረስ በዚያው ቀን በጣርማበር ነፋስ ይመታል። ከወልድያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቢነሡ፥ በደሴ፥ ከከሚሴ አለፍ ብሎ በጥላ ሥር፥ ደግሞም በደብረ ሲና ቢያሳርፉ፥ ለማደር ደብረ ብርሃን ይደርሳሉ። በቀትር ፀሐይ ካሚዮን አቁሞ ምሳ መብላት ለሰው ዕረፍት ነው፤ ለተጫነው ከብት ግን ነፋሱ ስለሚቋረጥበት ምድጃ ነው።

በቆላ ማደርን የሚያስፈራው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የተባለው ነው። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው በዝናሙ ወራትና ከዝናሙ ማብቂያ በኋላ የምትበዛ፥ ሌሊት የምትናከስ እጅግ ትንሽ ትንኝ ናት። የታመመው ያተኩሰዋል፥ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ያብጣል፥ ትንፋሹ ያጥረዋል፥ ካፍንጫውም አረፋ ይወጣል። ከሚያዙት ፈረሶች ከእኩሌታው የሚበልጡት ይሞታሉ፤ በቅሎ ከፈረስ ይሻላል፥ አህያ ግን ብዙ ጊዜ ይድናል። ከደላንታና ከዋድላ ደጋ ተገዝቶ ለጋሪ ወደ ሐብሩ ቆላ የሚወርደው ፈረስ በሽታውን አያውቀውምና ፈጥኖ የሚሞተው እርሱ ነው። መከላከያው ክትባት በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል። በመጫኛው ቀን ጠዋት መከተብ ግን ከንቱ ነው፤ ክትባቱ ኃይል እስኪያገኝ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል።

ከብት በፍጥነት በተጓዘ ቁጥር በሽታውም አብሮት ይፈጥናል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ በመርከብ ምጽዋ ከወረደው ከብት የተነሣው ደስታ የክፉ ቀንን ረኃብ እንዳመጣ ወሎ አይረሳውም፤ ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የተነገረው በ2003 ዓ.ም. ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የእንስሳት በሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 267 የታመመውን ለመለየትና ዝውውሩን ለመገደብ ሥልጣን የሰጠው ስለዚህ ነው። አጠራጣሪ ሞት ሲገኝ የኮምቦልቻው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ናሙና ይመረምራል።

የደረሰ ፈረስ ወዲያው ለጋሪ አይጠመድ። አስቀድሞ ውሃ፥ ቀጥሎ ሣር ከመሬት ላይ ይሰጠው፤ ገብስ ለነገ ይቆየው። ለሁለት ሳምንት ከሌሎቹ ተለይቶ ይታሰር፤ በመጀመሪያዎቹም ሦስት ቀኖች ጧትና ማታ ሙቀቱ ይለካ፥ ከ38.5 ዲግሪ ከበለጠ በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።