የሰሜኑ ደመወዝ የት ያድራል?

በካናዳ ሰሜን የተዘረጋው የኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ግዛት በቆዳ ስፋቱ ኢትዮጵያን ይበልጣል። ሕዝቡ ግን 45 ሺህ ገደማ ነው፤ ከዚያም ግማሽ የሚያህለው በዋና ከተማዪቱ በየሎውናይፍ ይኖራል። ሕዝብ እንዲህ በሳሳበት ምድር አንድ ማዕድን ማውጫ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ የሥራው ገበያ ከሥሩ ይናጋል። የሥራ አጥነቱን አኃዝ ብቻ የሚያይ ሰው ግን ይህ መናጋት ላይታየው ይችላል።

የሎውናይፍ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በወርቅ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ኮንና ጃየንት የተባሉት አውራ ማውጫዎቿ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሥራቸውን ሲያበቁ ቦታቸውን የያዘው አልማዝ ነበር። ቻክ ፊፕኪ እና ስቱዋርት ብለሰን የተባሉ ጂኦሎጂስቶች፣ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ጠርጎ የበተናቸውን ጥቃቅን ማዕድናት ወደ መነሻቸው ተከትለው በ1991 በላክ ደ ግራ ሐይቅ አካባቢ አልማዝ አገኙ። ኢካቲ በ1998፣ ዳያቪክ በ2003፣ ጋቾ ኩዌ በ2016 ማምረት ጀመሩ።

ወደነዚህ ማውጫዎች ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል የመኪና መንገድ የለም። ነዳጁና ከባዱ ዕቃ የሚደርሰው በዓመት ሁለት ወር ያህል ብቻ፣ በአብዛኛው በረጉ ሐይቆች ላይ በሚያልፍ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የበረዶ መንገድ ነው። ጭነት የያዘ መኪና በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ ይከለከላል። መኪናው ሲሄድ ክብደቱ በረዶውን ወደ ታች ስለሚገፋው ከሥር ባለው ውሃ ማዕበል ይነሣል፤ ሾፌሩ ከፈጠነ ማዕበሉ በተለይ ዳርቻው አጠገብ በረዶውን ሊሰነጥቀው ይችላል። የሾፌሮቹና የመንገድ ጠራጊዎቹ እንጀራ በብርዱ ላይ የተመሠረተ ነው። በ2006 ክረምቱ ሞቆ መንገዱ ያለወትሮው ቀድሞ ሲዘጋ፣ ማውጫዎቹ ነዳጅና ዕቃ በአውሮፕላን ለማስመጣት ተገደዋል።

ሠራተኛውም የሚመላለሰው በአውሮፕላን ነው። በስፋት የተለመደው ፈረቃ ሁለት ሳምንት፣ በቀን 12 ሰዓት ሠርቶ ሁለት ሳምንት ማረፍ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡን በደቡብ፣ ለምሳሌ በኤድመንተን፣ አስቀምጦ መሥራት ይችላል፤ ብዙዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሥራው ሰሜን ነው፤ የቤት ኪራዩ፣ የአስቤዛው ወጪና የክልል ገቢ ግብሩ ግን ደቡብ ይቀራል። ግዛቲቱም ይህን ስለምታውቅ፣ መኖሪያው የትም ይሁን የት፣ በምድሯ ከሚሠራ ሰው ደመወዝ 2 በመቶ ትቆርጣለች።

የሥራ አጥነት አኃዝም ጥንቃቄ ይሻል። በስሌቱ ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለውና ሥራ የሚፈልግ ሰው ነው። 100 አዋቂዎች ያሉባትን መንደር እናስብ፤ 40 ይሠራሉ፣ 10 ሥራ ይፈልጋሉ። አኃዙ የሚሰላው ከሚሠሩትና ሥራ ከሚፈልጉት ድምር ስለሆነ ሥራ አጥነቱ 20 በመቶ ነው። ከፈላጊዎቹ አምስቱ ተስፋ ቆርጠው መፈለጉን ቢተዉ አኃዙ ወደ 11 በመቶ ይወርዳል፤ የተፈጠረ ሥራ ግን አንድም የለም። ዓሣ አጥምዶና አድኖ ቤተሰቡን የሚመግብ ሰውም ደመወዝተኛ ወይም ነጋዴ ካልሆነ ከሠራተኛ ላይቆጠር ይችላል። በትናንሽ የሰሜን መንደሮች ከአዋቂው ስንቱ ይሠራል ብሎ መጠየቅ የበለጠ እውነቱን ያሳያል።

ማዕድን ስሙ ቢገንም የግዛቲቱ ትልቁ ቀጣሪ መንግሥት ነው። የመምህሩ፣ የነርሷና የቢሮ ሠራተኛው ደመወዝ በአብዛኛው የሚሸፈነው ከፌዴራሉ መንግሥት፣ ከኦታዋ፣ በሚላክ ገንዘብ ነው። የተዘጋው ጃየንት እንኳ ዛሬም ሰው ይቀጥራል፦ ከወርቁ ጋር የወጣውን 237 ሺህ ቶን የአርሴኒክ ብናኝ ከመሬት በታች ለማቀዝቀዝና ግቢውን ለማጽዳት የተያዘው ዋና ሥራ እስከ 2038 እንዲዘልቅ ታቅዷል።

አልማዙ ግን እያለቀ ነው። የዳያቪክ ምርት ማብቂያ ለ2026 ተቆርጧል፤ በፋብሪካ የሚሠራው አልማዝም የተፈጥሮውን ዋጋ አውርዶታል። አሁን ተስፋ የተጣለው በሊቲየምና በብርቅዬ ማዕድናት ላይ ነው። ለአዲስ ማውጫ የሚቀርበው የመጀመሪያው መከራከሪያ ስንት ሰው እንደሚቀጥር ነው። ከተቀጣሪዎቹ ስንቱ በየሎውናይፍና በመንደሮቹ ቤት ሠርቶ ልጆቹን እዚያው ትምህርት ቤት እንደሚያስገባ ካልተነገረ ግን፣ ቁጥሩ ለሰሜኑ ሰው ብዙም ትርጉም የለውም።