ስለ «ካሊበር»ና ስለ «ሲሊንደር» አተረጓጐም

በባሕር ዳር ዙሪያ በምትገኘው በሰባታሚትም ሆነ በቀረው የጎጃም ገጠር የጠመንጃ ስም ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከሠሪው ነው። ስናድር የስናይደር፣ ምንሽር የማንሊኸር ስም ነው፤ ውጅግራም የፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» መልኩን ለውጦ የገባ ነው። ሌላው የአሰያየም መንገድ «አምስት ጎራሽ» እንደሚባለው የሚይዘውን ጥይት መቍጠር ነው። በሁለቱም መንገድ የሚሰየመው መሣሪያው በሙሉ ነው። ስለ ውስጥ ክፍሎቹ የሚናገር መመሪያ በሚተረጐምበት ጊዜ ግን ቃል ያጥራል፤ ጒድለቱም የሰው አካል እስከ ማጒደል ይደርሳል።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ሲሊንደር ያለውን ተሽከርካሪ ሽጉጥ እንውሰድ። አንደኛው ሲሊንደር በ1887 እ.ኤ.አ. የወጣውን «22 ሎንግ ራይፍል»፣ ሁለተኛው በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣውን «22 ማግነም» የተባለ ጥይት ይጐርሳል። መመሪያው ይህን «ካሊበር መለወጥ» ይለዋል። ተርጓሚው «ካሊበር»ን እንደ ልማዱ «የአፈሙዝ ስፋት» ብሎ ቢመልሰው ስሕተት ይሆናል፤ የሚለወጠው ሲሊንደሩ እንጂ በርሜሉ አይደለምና። የሁለቱም ዓይነት አረር ስፋት 5.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሚለያዩት በቀለሁ ነው፤ የሎንግ ራይፍል ቀለህ 5.7፣ የማግነም ደግሞ 6.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ ትንሹ ጥይት በማግነም ሲሊንደር ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ ሲተኰስ ግን ቀለሁ ተነፍቶ ይሰነጠቃል፤ የጋለ ጋዝም ወደ ተኳሹ ሊያፈተልክ ይችላል። «ሁለቱም 22 ናቸው» የሚል አንባቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በመሆኑም በዚህ አገባቡ «ካሊበር» «የጥይት ዓይነት» ተብሎ እንዲተረጐም፣ «የአፈሙዝ ስፋት» ግን ለልኩ ብቻ እንዲቀር እናሳስባለን።

«ሎንግ ራይፍል»ም «ረጅም ጠመንጃ» መባል የለበትም። የጥይት መጠሪያ ስለ ሆነ እንዳለ ይጻፍ፤ ጥይቱ ለሽጉጥም ያገለግላልና።

«ሲሊንደር» በጋራዥ የሞተር ክፍል፣ በማእድ ቤት የጋዝ ዕቃ፣ በትምህርት ቤት የጂኦሜትሪ ቅርጽ ነው። አማርኛ ጥይት ማስገባትን «ማጒረስ» ስለሚል «ማጒረሻ» የሚለው ስም ከዚሁ ሊወጣ ይችላል። ብቻውን ቢቆም ከካዝና ጋር ስለሚምታታ «ተሽከርካሪ ማጒረሻ» ብንለው ይሻላል። በውስጡ ያሉት ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው «የጥይት ቤት» ይባሉ።

የእነዚህ ጥይቶች አቀጣጣይ ቅመም ያለው በቀለሁ መቀመጫ መሐል ሳይሆን በጠርዙ ውስጥ ነው፤ መርፌውም የሚመታው ጠርዙን ነው። ስለዚህ «ጠርዝ ተመቺ ጥይት» እንላቸዋለን። ጠርዙ ተጨፍልቆ እንዲቀጣጠል ቀለሁ ስስ መሆን አለበት፤ ልኩ ባልሆነ ቤት ውስጥ በቀላሉ የሚሰነጠቀውም ስለዚህ ነው።

ቃላቱ በሥራ ላይ ሲውሉ መመሪያው እንዲህ ይነበባል፦

ሀ) አፈሙዙ ወደማያሰጋ አቅጣጫ ይዙር፤ የጥይት ቤቶቹ አንድ በአንድ ታይተው ባዶ ይደረጉ።

ለ) ማእከላዊው ዘንግ ተስቦ ተሽከርካሪው ማጒረሻ ይውጣ።

ሐ) የሚተካው ማጒረሻ ለዚያው ሽጉጥ የተገጣጠመ መሆኑ ይረጋገጥ፤ የሌላ ሽጉጥ ከሆነ የጥይት ቤቱ ከበርሜሉ ጋር ትክክል ላይገጥም ይችላል።

መ) ዘንጉ ተመልሶ በሚገባ መቈለፉ፣ ማጒረሻውም ባዶውን ዞሮ በየቤቱ መቆሙ ይፈተሽ።

ሠ) የጥይቱ ዓይነት በማጒረሻው ላይ ከተቀረጸው ጋር ተመሳክሮ ብቻ ይጒረስ።

በመጨረሻው አንቀጽ «የጥይት ዓይነት» የሚለው ቀርቶ «የአፈሙዝ ስፋት» ቢገባ ትእዛዙ በሰዋስው ረገድ አንዳች እንከን አይኖርበትም፤ ተኳሹን ግን አያድነውም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ የወሰነ በመሆኑ የእነዚህ ቃላት ተጠቃሚ ተኳሹ ብቻ አይደለም። ፈቃድ ሰጪው፣ መርማሪውና የፍርድ ቤት አስተርጓሚውም ይፈልጓቸዋል። ስለዚህ የስያሜው መለኪያ የቃሉ ውበት ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ለያይቶ ማሳየቱ ሊሆን ይገባል እንላለን።