ከባሕር ለሚተርፉ የተጠረገ መንገድ

በዓለም ላይ ያሉ የእግር መንገዶች አብዛኛዎቹ ገበያተኛው፣ ከብት ነጂውና ተሳላሚው በየዘመኑ ሲመላለሱባቸው በእግር ብዛት የተከፈቱ ናቸው፤ በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በቫንኩቨር ደሴት ዳርቻ፣ በደንና በውቅያኖስ መካከል 75 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ዌስት ኮስት ትሬይል የተባለው መንገድ ግን ዛሬ የያዘውን መልክ ያገኘው፣ መርከቡ የተሰበረበት መንገደኛ ከሞገድ አምልጦ ወደ ምድር ቢወጣ በዱር ውስጥ ጠፍቶ እንዳይሞት ታስቦ ነው። አሁን በበጋ ወራት ከየአገሩ የሚመጡ እግረኞች ስንቃቸውንና ድንኳናቸውን አዝለው ለደስታቸው የሚሄዱበት ይህ መንገድ የፓሲፊክ ሪም ብሔራዊ ፓርክ አንድ ክፍል ሲሆን፣ ውበቱም አስቸጋሪነቱም ከመጀመሪያ ዓላማው የተወረሰ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከአንዲት መርከብ መጀመር ይገባል። ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋቸዋለን።

በጃንዋሪ ወር 1906 ቫሌንሲያ የተባለች የመንገደኞች መርከብ ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥታ ወደ ሲያትል ስትጓዝ፣ ጭጋጉ ምድሩን ስለ ሸፈነባት፣ የባሕሩም ወራጅ ካፒቴኑ ከገመተው ይልቅ አጥብቆ ወደ ሰሜን ስለ ገፋት፣ ልትገባበት የሚገባውን የኹዋን ደ ፉካን ሰርጥ ሳታውቀው አለፈችው። በዚያው ወር በ22ኛው ቀን፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ፓቺና በተባለው ርእሰ ምድር አቅራቢያ ከዐለት ጋር ተላተመች። በጨለማ ከወረዱት ጀልባዎች አብዛኛዎቹ ወዲያው ተገለበጡ፤ የቀሩትም ነፍሳት፣ ከባሕሩ ዳር መቶ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ገደሉንና ዛፎቹን እያዩ፣ በመርከቢቱ ምሰሶና ገመድ ላይ ተንጠልጥለው አንድ ቀን ተኩል ያህል ቆዩ። ሌሎች መርከቦች ለርዳታ ቢደርሱም ሞገዱ አላስጠጋቸውም። ወደ ምድር ለመውጣት የቻሉ ጥቂት ሰዎች በደኑ ውስጥ የተዘረጋ የቴሌግራፍ ሽቦ አግኝተው፣ እርሱን እየተከተሉ ከሠራተኛ ጎጆ ደርሰው ኬፕ ቢል በሚባለው ስፍራ ላለው የባሕር ፋና ጠባቂ ወሬውን አደረሱ፤ ነገር ግን በእግር የተላኩት ረዳቶች በጭቃና በወደቀ ግንድ መካከል ተጉዘው ከገደሉ አፋፍ ሲደርሱ፣ ከመርከቢቱ ወደ ገደሉ የተተኮሰው ገመድ ተበጥሶ ስለ ነበር፣ ሞገዱ ያችን መርከብ ሲሰባብራት ቆመው ከማየት በቀር ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አልነበረም። የዳኑት 37 ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ከሴቶችና ከሕፃናት አንዲት ነፍስ አልተረፈችም፤ የሞቱትም ከመቶ እጅግ ይበልጣሉ።

የካናዳ መንግሥት ከዚህ በኋላ ሦስት ነገር አደረገ፤ በ1908 በፓቺና ርእሰ ምድር ላይ የባሕር ፋና አበራ፣ ባምፊልድ በምትባል ትንሽ መንደር የነፍስ አድን ጀልባ አኖረ፣ ከ1890 ገደማ ጀምሮ የቴሌግራፍ ሠራተኞች ሽቦ ለመጠገን ይመላለሱባት የነበረችውንም ቀጭን ፈለግ እየጠረገና ድልድይ እየሠራ የነፍስ ማዳኛ መንገድ አደረጋት፤ በየርቀቱም ስንቅና ስልክ ያለባቸውን ማረፊያ ጎጆዎች ሠራ። በኋላ ግን መርከቦች በራዲዮና በተሻለ መሣሪያ መመራት ሲጀምሩ መንገዱ ተረስቶ ዱር በላው፤ ብሔራዊ ፓርኩ በ1970 ከተቋቋመ በኋላ በነበሩት ዓመታት እንደ ገና ተጠርጎ ለእግረኞች ተከፈተ።

ለመዝናኛ የታሰበ መንገድ ቢሆን ኖሮ መሐንዲሱ ጥልቁን ሸለቆ ዞሮ ባለፈው፣ ረግረጉንም በሸሸው ነበር። ይህ ግን የባሕሩን ዳር እንዳይለቅ የተጠረገ በመሆኑ፣ ወንዝ ሁሉ ገደል ቆፍሮ ወደ ባሕር በሚወርድበት ስፍራ እርሱም አብሮ ይወርዳል፤ ስለዚህ እግረኛው ሸክሙን እንዳዘለ የብዙ ፎቅ ከፍታ ባላቸው፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በሚቀጥል የእንጨት መሰላሎች ላይ መውጣትና መውረድ፣ ድልድይ በሌላቸው ወንዞችም ላይ በገመድ በተንጠለጠለ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ራሱን በእጁ እየጎተተ መሻገር አለበት። አብዛኛው ሰው መንገዱን ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይፈጽመዋል። መሰላሉ በዛ ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ እኔ ግን መሰላሎቹ ቢቀሩና መንገዱ ቢስተካከል ከሌላው ምንም የማይለይ መናፈሻ ይሆን ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ።

በብዙ ስፍራ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በደኑ ውስጥ በሥርና በጭቃ ላይ፣ ሁለተኛው በታች በአሸዋውና በጠፍጣፋው ዐለት ላይ የሚሄድ ነው። የታችኛው ይቀላል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የለም። ጨረቃ ውኃውን ስለምትስብ፣ በዚያ ጠረፍ ባሕሩ ከሃያ አራት ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሁለቱ ሙላቶች እኩል አይደሉም፣ በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለውም ልዩነት ሦስትና አራት ሜትር ይደርሳል። በሽሽቱ ጊዜ ሰፊ አደባባይ የሚመስለው ዐለት በሙላቱ ጊዜ ከገደሉ ሥር ድረስ በነጭ አረፋ ይዋጣል። ሰዓቱንም ሳይመለከት የገባ ሰው ከፊቱ ውኃ፣ ከኋላው ውኃ፣ ከበላዩ ሊወጣ የማይችል ግንብ ያገኛል። ሞገዱ ዐለቱን ሰንጥቆ የሠራቸው ጠባብ ሰርጦች ደግሞ ባዶ መስለው ሳለ ድንገት በሚናወጥ ውኃ ይሞላሉ። ስለዚህ በዚያ መንገድ ላይ የጉዞውን ሰዓት የሚወስነው ባሕሩ እንጂ መንገደኛው አይደለም፤ ጎበዙም ሰነፉም፣ ሙላቱ እስኪሸሽ ድረስ በአንድነት በጉማጅ ግንድ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ከባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ደኑ ጥቂት እርምጃ የገባ ሰው ግን የሞገዱ ድምፅ ሲርቅና ብርሃኑ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ይሰማዋል። የምዕራቡ ነፋስ ከውቅያኖስ ያነሣውን እርጥበት ከደሴቲቱ ተራሮች ጋር ሲጋጭ ስለሚያራግፈው፣ በዚህ ዳርቻ የሚዘንበው በዓመት ከ3000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ይህም አዲስ አበባ ከምታገኘው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። በረዶ ጥቂት፣ ድርቅ ጥቂት፣ የሰደድ እሳትም ብርቅ በመሆኑ፣ ቀይ ሲዳር፣ ሄምሎክና የሲትካ ስፕሩስ የሚባሉት የጥድ ዓይነቶች ለብዙ መቶ ዓመታት፣ ከሲዳሩም አንዳንዱ ከሺህ ዓመት በላይ፣ ይኖራሉ። ከሦስቱ ጨው አዘል ነፋስን የሚታገሠው ስፕሩሱ ስለ ሆነ ከባሕሩ ጫፍ ላይ ቆሞ ለሌሎቹ መከታ ይሆናል። ቅርንጫፉን ሁሉ የዛፍ ሽበት ያለብሰዋል፤ የምድሩ ወለል ግን ጨለማና ፈርን በሚባለው ቅጠል የተጨናነቀ በመሆኑ አዲስ ዘር በቀላሉ አይበቅልበትም። ስለዚህ ሄምሎኩ ወድቆ በሚበሰብስ ታላቅ ግንድ ጀርባ ላይ ይበቅልና ሥሩን በግራና በቀኝ ወደ መሬት ይሰዳል፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የታችኛው ግንድ አፈር ሆኖ ሲጠፋ፣ በእርሱ ላይ የበቀሉት ዛፎች ከሥራቸው ባዶ ዋሻ ትተው፣ ለማኅሌት እንደ ቆሙ ካህናት በአንድ ተርታ ተሰልፈው ይቀራሉ።

ደኑም ከባሕሩ ይመገባል። ሳልሞን የተባለው ዓሣ በወንዝ ተፈልፍሎ በውቅያኖስ ካደገ በኋላ፣ ሊራባና ሊሞት ወደ ተወለደበት ወንዝ ሲመለስ፣ ድቦች እየያዙ ወደ ዱሩ ያወጡታል፤ ከፊሉን በልተው ከፊሉን ይጥሉታል። የተጣለው ሲበሰብስ በሥጋው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በሥር ይሳባል፤ ከባሕር የመጣው ናይትሮጅን የራሱ መለያ ስላለው ሊቃውንት በዛፎቹ እንጨት ውስጥ አግኝተውታል።

ይህን ሁሉ በነጻ ያደገ፣ ሰው ያልነካው ዱር አድርጎ የሚያየው ጎብኚ ግን ይሳሳታል። ኑቻኑልት በሚል የወል ስም የሚታወቁት ሕዝቦች መርከብ ሳይመጣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ በዚህ ዳር የኖሩ ናቸው፤ ከአንድ የሲዳር ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ወደ ውቅያኖስ ወጥተው ዓሣ አንበሪ ያድኑ ነበር፤ ከቆመ ዛፍ ሳንቃ ፈልጠው፣ ከልጡም ልብስና ምንጣፍ ሠርተው ዛፉን ሳይገድሉት ይተዉት ስለ ነበር፣ ዛሬም ከመንገዱ አጠገብ ረጅም ጠባሳ ያለባቸው ሕያዋን ዛፎች ይታያሉ። መንገዱ ራሱ የሁ-አይ-አትን፣ የዲቲዳትንና የፓቺዳትን የሦስቱን ሕዝቦች ርስት ያቋርጣል። መንግሥትም ስፍራውን በሙሉ ስሙ ብሔራዊ ፓርክ ሳይሆን «ሪዘርቭ» እያለ የሚጠራው፣ የባለርስቶቹ የመሬት ጥያቄ ገና ተፈጽሞ ስላልተዘጋ ነው። ኒቲናት በሚባለው ጠባብ መግቢያ፣ ወራጁ ኃይለኛ በሆነበት ስፍራ፣ እግረኛውን በጀልባ የሚያሻግሩት ዲቲዳቶች ናቸው፤ ትኩስ ሸርጣንም ያበሉታል፤ ለብዙ ቀን ደረቅ ስንቅ ሲቆረጥም ለሰነበተ ሰው ይህ የመንገዱ ዐቢይ በዓል ነው።

የእነዚህ ሕዝቦች ትዝታ ደግሞ የሳይንስ ምስክር ሆኖ ተገኝቷል። ሁ-አይ-አቶች፣ በአንድ የክረምት ሌሊት ምድር ተናውጣ ባሕሩም ተነሥቶ በፓቺና ወሽመጥ በቆላው የነበረውን መንደር ፈጽሞ እንዳጠፋው፣ ከፍ ባለው ስፍራ የነበሩት ብቻ እንደ ተረፉ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲነግሩ ኖረዋል። በጃፓን የተገኙ ጥንታውያን መዛግብት ደግሞ በ1700 መጀመሪያ ላይ ምድር ሳትናወጥ ባሕር ከዳርቻው እንደ ወጣ ይናገራሉ፤ ከኹዋን ደ ፉካ ሰርጥ በስተ ደቡብ በዋሽንግተን ጠረፍ በጨው ውኃ ተውጠው የሞቱ ሲዳሮችም የመጨረሻ የዕድሜ ቀለበታቸው የ1699 ነው። ሊቃውንቱ ይህን ሁሉ አገናኝተው፣ የምድር መናወጡ በጃንዋሪ 26 ቀን 1700 ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ እንደ ሆነ ወስነዋል። ዛሬ በባሕሩ ዳር የሚሰፍር እግረኛ ምድር ስትናወጥ ከተሰማው ድንኳኑን ትቶ ወደ ከፍታ እንዲሮጥ የሚመከረው ስለዚሁ ነው።

ባሕሩ በሸሸ ጊዜ ዐለቱ ላይ በቀሩት ኩሬዎች ውስጥ የሚታየው ፍጥረት የአንድ ቀን ጉዞ ያስቀራል፤ አረንጓዴ የባሕር አኔሞን፣ ከዐለት ጋር የተጣበቁ ሙስል የሚባሉ ጥቁር ዛጎሎች፣ እነርሱንም የሚበላ ሐምራዊና ብርቱካናማ ኮከብ ዓሣ። ሮበርት ፔይን የተባለ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ከ1963 ጀምሮ ከሰርጡ ማዶ ባለ ዐለት ላይ ኮከብ ዓሣዎቹን እየለቀመ ወደ ባሕር ይወረውር ነበር፤ ከልካይ ያጣው ሙስል ዐለቱን ሁሉ ወርሶ ሌሎቹን ስላስወጣቸው፣ አስቀድሞ የቆጠራቸው 15 ዓይነት ፍጥረታት 8 ብቻ ሆነው ቀሩ። አንድ በላተኛ ለብዙዎች ሕይወት ዋስ ሊሆን እንደሚችል ዓለም በግልጽ የተረዳው ከዚህ ትንሽ ሙከራ ነው። በ2013 የጀመረ ደዌ ከአላስካ እስከ ሜክሲኮ ኮከብ ዓሣዎችን ሲፈጅ የባሕር ሊቃውንት እጅግ የደነገጡትም ይህን ስለሚያውቁ ነበር።

ሳምንት ሙሉ ሸክም ለማዘል ዕድሜው ወይም ጉልበቱ ለማይፈቅድለት ሰው የፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል፣ በቶፊኖና በዩክሉሌት ከተሞች መካከል ያለው ሎንግ ቢች፣ ይበቃዋል። በዚያ ከመኪና መንገዱ ግራና ቀኝ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል የሆኑ ሁለት የሳንቃ መንገዶች በትልልቆቹ ዛፎች መካከል እየወጡና እየወረዱ ይዞራሉ። ሌላው 800 ሜትር የሚሆነው ደግሞ አሲድ በበዛበት ረግረግ ውስጥ ያልፋል፤ እዚያ ያሉት ጥዶች ለብዙ መቶ ዓመታት ቢኖሩም ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጡም። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ረግረጉን ይምረጥ እላለሁ፤ ግዙፉን ዛፍ ማንም ያደንቀዋል። በማርችና በአፕሪል ከሜክሲኮ ወደ ሰሜን የሚጓዙት ግራጫ ዓሣ አንበሪዎች ከዚያው አሸዋ ላይ ትንፋሻቸው ሲረጭ ይታያሉ።

ረጅሙን መንገድ የሚሻ ግን ከሜይ 1 ቀን እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን ብቻ እንደሚከፈት፣ ፈቃድ አስቀድሞ እንደሚያዝና ከመነሣት በፊት የፓርኩን ሠራተኞች ማስጠንቀቂያ መስማት ግዴታ መሆኑን ይወቅ። ምግቡንና ጠረን ያለውን ነገር ሁሉ ድብና ተኩላ እንዳይደርስበት በተዘጋጀው የብረት ሣጥን ያኑር። የባሕሩን ሙላትና ሽሽት የሚያሳየውን ሰንጠረዥም ሲቀበል፣ የተጻፈው በመደበኛው ሰዓት ከሆነና የአገሩ ሰው በበጋ ሰዓቱን ወደ ፊት ገፍቶ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ አንድ ሰዓት ይደምርበት።