ከአይስላንድ ሥር ያለው ቅርፊት

በዓለም ጥልቁ የምርምር ጉድጓድ ከ12 ኪ.ሜ ብዙም አላለፈም። ስለዚህ ከእሳተ ገሞራ ደሴት ሥር ያለውን ቅርፊት ማጥናት የሚቻለው በዋናነት በንዝረት ሞገድ ነው፤ ምንጩ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ፈንጂ ወይም መርከብ ባሕር ውስጥ የምትለቀው የታመቀ አየር ሊሆን ይችላል። የሚለካው ሞገዱ የደረሰበት ሰዓት ነው። ከሰዓቱ ፍጥነት ይሰላል፣ ከፍጥነቱ የአለቱ ዓይነት ይገመታል። ጭቅጭቁ ያለው ግምቱ ላይ ነው።

ፈጣኑ ፒ ሞገድ በታችኛው ቅርፊት በሰከንድ 7 ኪ.ሜ ገደማ ይጓዛል፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው የአለት ንብርብር፣ ማንትል፣ ውስጥ ሲገባ ወደ 8 ያድጋል። ወሰኑን ክሮኤሺያዊው አንድሪያ ሞሆሮቪቺች እ.ኤ.አ. በ1909 ከደረሰ መንቀጥቀጥ መዝገቦች ስላገኘው «ሞሆ» ይባላል። በተለመደው የውቅያኖስ ወለል ሞሆ ከ6 እስከ 7 ኪ.ሜ ወረድ ብሎ ይገኛል።

አይስላንድ ላይ የተለካው ፍጥነት ግን ለቅርፊት የበዛ፣ ለማንትል ያነሰ ነበር። ብዙዎች ቅርፊቱ ከ10 እስከ 15 ኪ.ሜ ብቻ ነው፣ ከሥሩ በከፊል የቀለጠ ማንትል አለ ብለው ደመደሙ። በ1990ዎቹ ከ20 ኪ.ሜ ጥልቀት የተንጸባረቁ ሞገዶች ተገኙ፤ በደሴቲቱ መሃል፣ በቫትናዮኩል የበረዶ ግግር አካባቢ፣ የቅርፊቱ ውፍረት 40 ኪ.ሜ ገደማ ደረሰ። ለእኔ ከሁሉም አሳማኙ ከፒ የሚዘገየው የኤስ ሞገድ ምስክርነት ነው። ኤስ በፈሳሽ ውስጥ አያልፍም፣ ቅልጥ የበዛበት አለትም ያደክመዋል። በታችኛው ቅርፊት ግን እምብዛም ሳይደክም አለፈ፤ ቀልጧል የተባለው ጠንካራ አለት ነበር።

በሰሜን አይስላንድ፣ ክራፍላ እሳተ ገሞራ ላይ፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በ1970ዎቹ ተመራማሪው ፓውል ኤይናርሶን በእሳተ ገሞራው ሥር የሚያልፉ ኤስ ሞገዶች እንደሚጠፉ አስተውሎ፣ 3 ኪ.ሜ ገደማ ላይ የማግማ ማከማቻ እንዳለ አመለከተ። በ2009 ከ4 ኪ.ሜ በላይ እንዲወርድ የታቀደ የእንፋሎት ጉድጓድ ገና 2.1 ኪ.ሜ ላይ ማግማ ወጋ። ማግማ መኖሩ ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ ያን ያህል ቅርብ መሆኑን ግን ማንም አልጠበቀም። ርዝመቱ የበዛ ሞገድ ትንሽ የማግማ ኪስ ሳያሳይ ያልፋልና።

ከእሳተ ገሞራ ሥር ሁሌ ዘገምተኛና ትኩስ አለት የሚጠብቅም ይሳሳታል። በ2007 የካሪቢያኗን ሞንትሰራት የዞረች መርከብ ባደረገችው ጥናት ከእሳተ ገሞራዎቹ ሥር ፈጣን እምብርት ተገኘ፤ ቀዝቅዞ የጠጠረ የቀድሞ ማግማ ነው። ደሴት ባይሆንም፣ በ2003 በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የተካሄደው የ«ኢግል» ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል።

አሁን ፈንጂ ሳያስፈልግ፣ የውቅያኖስ ማዕበል የሚፈጥረው የማያቋርጥ ንዝረት ራሱ ይመዘገባል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በአይስላንድ ሬይክያኔስ ልሳነ ምድር 100 ኪ.ሜ ገደማ የሚረዝም የቴሌኮም ፋይበር እንደ መለኪያ መሣሪያ ሆኖ የማግማን እንቅስቃሴ በደቂቃዎች ውስጥ ሲያሳይ ቆይቷል።