የተማሪው ስልክ ስንት ያወጣል?

በደብረ ታቦር የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ለስልክ ነጋዴው ጥሩ ደንበኛ ነው። የፋርጣው ገበሬ ድንቹን፣ የፎገራው ሩዙን ሸጦ ልጁን ወደ ትምህርት ሲልክ ስልክ አብሮ ይታሰባል። አዲሱ ከተወደደ ያገለገለው ይገዛል። ክርክሩ ስለ ባትሪው፣ ስለ ስክሪኑና ስለ ሜሞሪው ነው። በውስጡ ላለው መረጃ ዋጋ የሚጠራ ግን የለም።

መረጃው ግን ዋጋ አለው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። ከቤት የሚላከው ብር በዚያው ይገባል። የሚስጥር ቁጥሩን ለዶርም ጓደኛው የነገረ ተማሪ የቦርሳውን ቁልፍ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ያገለገሉ መኪኖች ሲጽፉ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ ገበያው እንደሚበላሽ አሳይተዋል፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። በስልክ ገበያ ግን አለማወቁ በሁለቱም ወገን ነው። ገዢው ስልኩ የተሰረቀ ይሁን አይሁን አያውቅም። ሻጩ ደግሞ ፎቶውንና መልእክቱን ደህና አድርጎ ማጥፋቱን እርግጠኛ አይደለም።

ሌላው ችግር ከሱቁ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ የጉግል አካውንቱን የሚከፍትለት ስልኩን የሸጠለት ልጅ ነው። የይለፍ ቃሉ በሱቁ ይቀራል። ተማሪው አንድ ቀን ስልኩ አልከፈት ብሎት ሁሉን አጥፍቶ ሲያስነሳው፣ ስልኩ የቀድሞውን አካውንት ይጠይቃል። ያን ጊዜ ወደዚያው ሱቅ ተመልሶ ለማስከፈቻ ይከፍላል። ነጻ የመሰለው አገልግሎት ዋጋው ቆይቶ መጣ ማለት ነው።

የስልክ ግብይት ዱካ እንደማይጠፋ ተማሪው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አይቷል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በተበላሸበት ሌሊት 801 ሚሊዮን ብር ያህል ከባንኩ ወጥቶ ነበር። ካወጡት መካከል ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ አድርጓል። የገንዘቡ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ባንክ የያዘው ፎቶግራፍ አደባባይ ሊወጣ እንደሚችል ታይቷል። በዚያው ዓመት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ ድርጅቶችን ይይዛል እንጂ የዶርም ጓደኛን ዓይን አይከለክልም።

ስለዚህ የቀረው በተማሪው እጅ ነው፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ሲገዛ *#06# ደውሎ የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ያስተያይ። አካውንቱን ራሱ ይክፈት። ለጥገና ሲሰጥ ሲም ካርዱንና ሜሞሪውን ያውጣ። ሃንዳውቱ የሚመጣበት ቴሌግራም በኤስኤምኤስ ኮድ ብቻ እንዳይከፈት ተጨማሪ የይለፍ ቃል ያድርግበት። ሲሸጥ አስቀድሞ አካውንቱን ያውጣ፤ ከዚያ ሁሉን ያጥፋ።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ነጋዴው ለስክሪን ጭረት ዋጋ ይቀንሳል፤ ተማሪውም ለሚስጥሩ ዋጋ ማውጣት ቢለምድ አይከስርም።