ሽታው መቼ ይመጣል?

«ትንሽ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ አሮጌ መኪና አይደል!» ይህን አባባል ሐዋሳ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። አቶቴ አካባቢ ጋራዥ በር ላይ ሰምቼዋለሁ። አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ ሄጄ፣ ከጎኔ ቮልሱን ካቆመ ሰው ሰምቼዋለሁ። ቮልስ ሊገዛ የመጣ ወጣትን ሻጩ በዚሁ አባባል ሲያባብለውም አይቻለሁ።

ስሕተት ነው። ቮልስ ዕድሜው 50 ዓመት ስላለፈ አይሸትም። የሚሸተው ቤንዚን ከታንክ ተነስቶ ካርቡሬተር እስኪደርስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ አንድ የደረቀ ጎማ፣ አንድ የላላ ፋሼታ ወይም አንድ ያበጠ ጋስኬት ስላለ ነው። ያ ዕቃ ተገኝቶ ሲቀየር የ50 ዓመቱ ቮልስ ምንም ምን አይሸትም።

ቮልስን ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስተዋወቅ ብዙ ቃል አይፈልግም። ሞተሩ ከኋላ፣ ታንኩ ከፊት፣ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየር። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱትም በቮልስ ነው። እኔ የምወደው ግን የሆነውን ስለማይደብቅ ነው። ነገሩ ሁሉ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይነካል። የቤንዚኑ መንገድም አጭር ነው፦ ከፊት ታንክ ይወርዳል፣ በመኪናው ወገብ ውስጥ በተዘረጋ ቀጭን የብረት ቱቦ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከዚያ አጭር ጎማ፣ ፓምፕ፣ ሌላ አጭር ጎማ፣ ካርቡሬተር። በቃ።

ታዲያ ይህን ያህል አጭር መንገድ ላይ ሰው ለምን ወራት ይንከራተታል? «ሽታው ከየት ነው?» ብሎ ስለሚጀምር ነው። አፍንጫ ለዚህ ጥያቄ ታማኝ ምስክር አይደለም። የቤንዚን ተን ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከወጣበት ቦታ ወደ ታች ይፈስሳል፣ በወለሉ ይሳባል፣ ከፊት የወጣው ከኋላ ወንበር ሥር ይሸታል። በዚያ ላይ አፍንጫ ይደክማል። ገና ሲገቡ በጣም ጥቂት ቤንዚን እንኳ ለይቶ የሚያውቀው አፍንጫ፣ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ይለምደውና ዝም ይላል። ሾፌሩ «አሁን ጠፋ» ሲል፣ ታቦር ተራራ ሥር የተሳፈረው ሰው ደግሞ መስኮት ይከፍታል። ከሾፌሩ ይልቅ አዲስ የገባውን ሰው እመኑ።

የማይዋሸው ጊዜው ነው። ሽታው መቼ ይመጣል? ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሳ? ቤንዚን በተቀዳ ዕለት ብቻ? ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ሲቆም? ሲነዳ ብቻ? ይህን ለአንድ ሳምንት በወረቀት መዝግቦ ጋራዥ የሚሄድ ሰው የመካኒኩን ግማሽ ሥራ ሠርቶለታል።

በእኔው መኪና የሆነውን ላውጋ። ቮልሴ ሰኞ ይሸታል፣ ረቡዕ ይቀንሳል፣ ዓርብ ጭራሽ ይጠፋል። አንድ ጋራዥ ካርቡሬተሩን አወረደ፣ አጠበ፣ መልሶ ገጠመ። ሌላ ጋራዥ ፓምፑን ቀየረ። የሚቀጥለው ሰኞ እንደገና ሸተተ። በመጨረሻ አንድ ዕድሜ ጠገብ መካኒክ መኪናውን ሳይነኩ «ወንድሜ፣ ቤንዚን የምትቀዳው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እሑድ ማታ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሐዋሳ ቤንዚን ሲጠፋ ማደያ ላይ ግማሽ ቀን እንሰለፋለን። ያን ያህል ተሰልፎ «20 ሊትር ይበቃኛል» የሚል ሰው የለም። ሁላችንም «አፉ ድረስ ሙላው!» እንላለን፤ ቀጂውም ክዳኑ ላይ እስኪፈስ ይሞላል። ቤንዚን ግን ሙቀት ሲያገኝ ይሰፋል፦ ለ10 ዲግሪ ሙቀት 1 በመቶ ገደማ። የቮልስ ታንክ 40 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከመሬት ሥር ጎተራ ቀዝቃዛ ሆኖ የተቀዳው ቤንዚን በማግስቱ ከሰዓት የሐዋሳ ፀሐይ ሲያገኘው፣ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ይህ ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጥቂት ያነሰ ነው። ታንኩ ውስጥ ቦታ ከሌለ ወደ ላይ ይመጣል፤ ወደ አፉ፣ ወደ መተንፈሻው፣ ወደ ላይኛው ጋስኬት። ታንኩ በግማሽ ሲሆን ቤንዚን የማይነካቸው፣ ስለዚህም ቢሰነጠቁ ማንም የማያውቅባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

እ.ኤ.አ. ከ1968 ወዲህ የተሠሩት ቮልሶች የሚቀዱት ከውጭ፣ ከፊት በስተቀኝ በኩል ነው። ከውጭው አፍ ወደ ታንኩ የሚያገናኘው ወፍራም የጎማ ክርን ነው። መካኒኩ የፊት ኮፈኑን ከፈቱ፣ ዕቃ መጫኛውን ካርቶን አነሡ፣ ከባለቤታቸው ቦርሳ የመጣች ትንሽ ክብ መስታወት በጎማው ሥር አስገቡ። ከላይ ሲታይ ጥቁር፣ ጤነኛ ጎማ ነው። በመስታወቱ ሲታይ ግን በታችኛው ጎኑ፣ ፋሼታው በሚያርፍበት ጠርዝ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል፤ በስንጥቁ ግራና ቀኝ አቧራው እርጥብና ቡናማ ነው። በሶፍት ነካ አድርገው አፍንጫዬ ሥር ያዙልኝ። ይኸው ነበር። ሰኞ ቤንዚኑ እዚያ ድረስ ይደርሳል፤ ረቡዕ ዝቅ ብሏል። ጎማው ተቀየረ፤ እኔም አፉ ድረስ ማስሞላት ተውኩ።

የሶፍቱን ነገር ያዙልኝ። መጋጠሚያውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ጠርጉ፣ ጥቂት ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ እያንዳንዱን በየራሱ ንጹሕ ሶፍት ነክታችሁ ከመኪናው ራቅ ብላችሁ አሽትቱ። በዓይን የማይታይ ልቅሶ በሶፍት ይያዛል።

ሌሎቹን ጊዜያት ባጭሩ ልንካ። ሲነዳ ብቻ የሚሸት ከሆነ ወደ ኋላ ሂዱ። ቮልስ የክፍሉን ማሞቂያ አየር የሚያመጣው ከሞተሩ ማራገቢያ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ጋ የሚያለቅስ ጎማ ሽታው በእግራችሁ ሥር ይወጣል። «ለሐዋሳ ሰው ማሞቂያ ምን ያደርግለታል፣ እኔ ከፍቼው አላውቅም» ትሉ ይሆናል፤ መዝጊያው ግን ዝጎ ከተከፈተ ዓመታት አልፈውት ይሆናል። ከሰዓት ከቆመ በኋላ የሚሸተው ብዙውን ጊዜ ካርቡሬተር ውስጥ የቀረ ቤንዚን ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ የጋለ ሞተር ላይ ቶሎ ይተንናል። ቆሞ ሲሠራ ከማርሚታው የሚሸተው ደግሞ የበዛ ቤንዚን ነው፤ ካንዴላ አውጥታችሁ እዩ፣ ጥላሸት ለብሶ ታገኙታላችሁ። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ የሚሸተው ግን ፈሳሽ ነው፤ ያ አይታደርበትም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። የቤንዚን ጋስኬት ከከመነዳሪ ቆርጣችሁ የምትገጥሙ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። የከመነዳሪ ጎማ የተሠራው አየር እንዲይዝ ነው፤ ቤንዚን ሲነካው እንደ ተነከረ ባቄላ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከቦታው ይንሸራተታል። ለሁለት ሳምንት የሚይዝ ስለሚመስል ነው ሰው የሚታለለው። ሲሊኮንም እንዲሁ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበት ነጭ የላስቲክ ቱቦማ ቤንዚን ጠጥቶ ይደርቅና እንደ ሸክላ ይሰበራል። ሳሙና ታንክ ላይ የሚለጥፉትን አልቆጣም፤ ቤንዚን ሳሙናን ስለማያሟሟው መንገድ ላይ ለቀረ ሰው እስከ ቤት ያደርሰዋል። ሳሙናውን ግን ለዓመት ማቆየት ጥፋት ነው። ለቤንዚን ተብሎ የተሠራ ጎማ ብቻ ግጠሙ፤ አንዱ ሲሰነጠቅም ወንድሞቹ እኩያ ናቸውና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ።

ሞተሩ ጋ አንድ ቦታ በተለይ እዩልኝ። ቤንዚን ወደ ካርቡሬተር የሚገባበት አጭር የነሐስ ቧንቧ በብሎን አልታሰረም፤ ተገፍቶ ብቻ ነው የገባው። ከጊዜ ብዛት ይላላል። በፒንሳ ሳይሆን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት፤ ከተነቃነቀ መኪናውን አታንቀሳቅሱ። መኪናው ሲነዳ ቧንቧው ከወጣ ፓምፑ ቤንዚኑን የጋለ ሞተር ላይ፣ ብልጭታ የሚያከፋፍለው ዕቃ አጠገብ ይረጨዋል። የቮልስ ሞተር አካል ማግኒዥየም ያለበት ብረት ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ለዚህ ነው ሽታን «ትንሽ» ማለት የማልወደው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል፤ ከአየሩ 1.4 በመቶ ከደረሰ ለእሳት ይበቃል። ኮፈን ሥር በክብሪት ማየት፣ የሚሸት መኪና ውስጥ ማጨስ፣ ትርፍ ቤንዚን በሃይላንድ ሞልቶ ወንበር ሥር ማኖር፣ ይህ ሁሉ እዚሁ ከተማችን ውስጥ በየቀኑ የማየው ነው። ባዶ ታንክ የሚያስበይዱ ሰዎችም ይስሙ፦ ከሞላው ይልቅ የሚፈነዳው ባዶ የመሰለው ነው፤ ውስጡ ተን ሞልቶታልና።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ ብቻ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያሉን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል። ነገ ጠዋት ቁልፍ ከመሽከርከሩ በፊት የፊቱንም የኋላውንም ኮፈን ክፈቱና አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተታችሁ ቁልፉን ኪሳችሁ መልሱ፤ የዚያን ዕለት በባጃጅ ሂዱ፣ መካኒኩም እናንተ ዘንድ ይምጣ።